የካሳው ስሌትና የዩኒቨርሲቲው አጥር፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ዕውቀት ለማን ይደርሳል?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እንዲሆኑ የሚያስችለው አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ከጸደቀና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ተቋም ከሆነ ወዲህ ስለ ከፍተኛ ትምህርት የሚነሳው ክርክር መልኩን ቀይሯል። ቀድሞ የሚነሳው የትምህርት ጥራት፣ የተማሪ ምደባና የተመራቂ ሥራ ማጣት ነበር። አሁን ሌላም ተጨምሯል፦ በግጭት በደከመ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ለሰላም፣ ለፍትሕና ለተጠያቂ አስተዳደር ምን ይፈይዳሉ? አንዱ ወገን «ምሁራን ዝም አሉ» ብሎ ይወቅሳል። ሌላው «ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ነው የተበላሸው» ይላል። ሁለቱም ስለ ዩኒቨርሲቲ ሲናገሩ በአብዛኛው የሚታያቸው መግለጫ፣ ኮንፈረንስና ሰልፍ ነው።

ጥያቄውን ከአዳራሹ አውጥተን ወደ ከተማዋ ዳርቻ ብንወስደው መልሱ ይበልጥ ይጨበጣል። በደቡብ፣ ቂሊንጦ ላይ፣ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። በምሥራቅ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መምህራን ሲያፈራ የኖረው ኮተቤ አለ፤ ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያው በምሥራቅ፣ ሲኤምሲ አካባቢ፣ በ1987 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተጀመረው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ሦስቱም ሲተከሉ የከተማ ጠርዝ ላይ ነበሩ። ዙሪያቸውን ደግሞ ከአገሪቱ ከባድ ጥያቄዎች አንዱ፣ የመሬት ጥያቄ፣ በየቀኑ ይስተናገዳል።

ሰላም፣ ፍትሕ፣ ተጠያቂ አስተዳደር፦ ሦስቱ ቃላት ምን ማለት ናቸው?

የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ካጸደቋቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች 16ኛው ሰላምን፣ ፍትሕንና ጠንካራ ተቋማትን በአንድ ላይ ያስቀምጣል። በአንድ ላይ መቀመጣቸው ትክክል ነው። ሰላም ሲባል የተኩስ ድምፅ አለመሰማት ብቻ ከሆነ፣ ቤቱ ነገ ይፍረስ አይፍረስ የማያውቅ ሰው በሰላም ይኖራል ማለት ይሆናል። ፍትሕ ፍርድ ቤት መኖሩ ብቻ ከሆነ፣ የፍርድ ቤቱ በር ላይ መድረስ ያልቻለው ሰው ከቁጥር አይገባም። ተጠያቂ አስተዳደር ደግሞ፣ ከዘመቻ ቃልነቱ ስናወጣው፣ ውሳኔ የሰጠ ባለሥልጣን ምክንያቱን የመግለጽ፣ ማስረጃውን የማሳየትና ሲሳሳት የማረም ግዴታ አለበት ማለት ነው።

ሦስቱ የሚገናኙት በወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ አርሶ አደር ይዞታው ለልማት እንደሚፈለግ በደብዳቤ ሲነገረው፣ ደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር እንዴት እንደተገኘ ማወቁ ተጠያቂነት ነው። ቁጥሩ ስህተት ከሆነ ማስቀየር መቻሉ ፍትሕ ነው። ልጆቹ በቁጣ መንገድ ከመዝጋት ይልቅ በማመልከቻ ላይ እምነት እንዲያድርባቸው የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ይህ ሰላም ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሊረዳ የሚችለው በዚህ ሰንሰለት ቀለበቶች ላይ ነው።

ዳርቻው ለምን ይፈተናል?

የአዲስ አበባ ዙሪያ ከዐሥር ዓመታት በላይ የአገሪቱን ፖለቲካ ደጋግሞ ወስኗል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ሲተዋወቅ ተቃውሞው የተቀሰቀሰው በአምቦና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ነበር። የሰው ሕይወት ጠፋ። ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙ ቢገለጽም ያስነሳው ጥያቄ አብሮት አልተሰረዘም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ በኦሮሚያ ከተሞች ሌላ የተቃውሞ ማዕበል ተነሳ። በአንድ በኩል ለዓመታት የቆጠበና ዕጣ የደረሰው የከተማ ነዋሪ፣ በሌላ በኩል ማሳው ወደ ኮንዶሚኒየም የተለወጠበት አርሶ አደር ነበሩ፤ ሁለቱም የሚያቀርቡት አቤቱታ እውነት ነበረው።

ከዚያ በኋላ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል በወሰን ላይ ተስማሙ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ሌሎች በኦሮሚያ ክልል አዲስ በተቋቋመችው ሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። በዚያው ዓመት «ሕገወጥ» የተባሉ ቤቶች በስፋት ሲፈርሱ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን ተከታትሎ ስጋቱን ገልጿል።

ለነዋሪው የእነዚህ ሁሉ ለውጦች የዕለት ተዕለት ትርጉም «ጉዳዬን የቱ ቢሮ ነው የሚያየው?» የሚል ነው። ማኅተም ይለወጣል፣ የሥራ ቋንቋ ይለወጣል፣ መዝገብ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ይዛወራል። አንድ ቤተሰብ በ10 ዓመት ውስጥ የሰበሰባቸው ደረሰኞች፣ የግብር ካርኒዎችና ደብዳቤዎች የሁለትና የሦስት አስተዳደር አርማ ሊኖራቸው ይችላል። በዚህ መካከል የሚጠፋው ወረቀት የአንድ ሰው የሕይወት ዘመን መብት ነው።

በግቢ ውስጥ ሰላም፦ ከተፈረመ ውልና ከቃል ኪዳን ቤተሰብ የቱ ይሠራል?

ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰላም ከመናገሩ በፊት የራሱ ግቢ ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። መንግሥት በዚያ ዘመን ከወሰዳቸው እርምጃዎች አንዱ ተማሪዎችና ወላጆች ሰላም ለመጠበቅ ውል እንዲፈርሙ ማድረግ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ እንደ ሎጂክና የነቃ አስተሳሰብ፣ የሥነ ምግባርና የሥነ ዜጋ ትምህርት፣ ሶሻል አንትሮፖሎጂ ያሉ የጋራ ኮርሶችን እንዲወስዱም ተደርጓል።

ውል ማስፈረም ኃላፊነትን ወደ ተማሪው ይገፋል እንጂ ግጭቱን የሚፈጥረውን አለመተማመን አይነካም። የጋራ ኮርሶቹ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን 100 ሰው በሚቀመጥበት ክፍል የሚሰጥ፣ ለፈተና ሲባል የሚሸመደድ የነቃ አስተሳሰብ ኮርስ ከስሙ ጋር ይጣላል።

ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የቃል ኪዳን ቤተሰብ አሠራር ነው። ከሩቅ የመጣ ተማሪ ከከተማው ነዋሪዎች መካከል አንድ ቤተሰብ ይመደብለታል፤ በዓል ሲሆን የሚጠራው፣ ሲታመም የሚጠይቀው ቤት ያገኛል። አሠራሩ የሚያተኩረው በወንበርና ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በጉርብትና ላይ ነው። ተማሪው «የእነሱ አገር» ይለው የነበረው ከተማ እናት የሚላት ሴት ያለችበት ከተማ ይሆናል፤ ነዋሪውም «የዩኒቨርሲቲ ልጆች» ከሚለው ጅምላ ስም ወጥቶ አንድን ልጅ በስሙ ያውቃል። ግጭት ሲነሳ ልጁን ከግቢ አውጥቶ ቤቱ የሚያሳድረው ሰው መኖሩ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሲወርሱ አንድ ነገር ሊጨምሩበት ይገባል። እዚህ ያለው ርቀት በተማሪና በነዋሪ መካከል ብቻ አይደለም። የግቢው መሬት ራሱ ትናንት ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ነበር፤ ጎረቤት የሆነው አርሶ አደር ዩኒቨርሲቲውን በመጀመሪያ ያወቀው በአጥርነቱ ነው።

የኩንታሉ ቁጥር፦ ፍትሕ በሒሳብ ሲሠራ

በዳርቻው ያለው ትልቁ የፍትሕ ጥያቄ ካሳ ስለሆነ አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብትና ከይዞታው ያለመነቀል ጥበቃ ነው። ይዞታው ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ካሳ ይከፈለዋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት ለሚነሳ የገጠር ባለይዞታ የሚከፈለውን የመፈናቀያ ካሳ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ አድርጎት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ፣ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተሰጠ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ገቢ ከፍተኛውን ወስዶ በ15 ያባዛል። ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲወያይም ይደነግጋል፤ መሬቱ በአስቸኳይ ሲፈለግ ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል።

በወረቀት ላይ ሲታይ ሕጉ ተሻሽሏል። ችግሩ ማባዣው ላይ አይደለም፤ የሚባዛው ቁጥር ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። የአንድ ማሳ ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 60,000 ብር ተብሎ ቢመዘገብ ካሳው 900,000 ብር ይሆናል። ያው ማሳ 40,000 ብር ተብሎ ቢመዘገብ 600,000 ብር ነው። የ300,000 ብሩ ልዩነት የመጣው ከሕጉ አይደለም። ከማሳው ስንት ኩንታል እንደተገኘ፣ ኩንታሉ በየትኛው ወር የገበያ ዋጋ እንደተሰላ፣ ገለባው ተቆጥሮ እንደሆነ፣ ከሠኔ በፊት በመስኖ የተመረተው ሽንኩርት ገብቶ እንደሆነ፣ የማሳው ስፋት በገመድ ተለክቶ ይሁን በጂፒኤስ፣ እነዚህን ከሚጽፈው እጅ የመጣ ነው። ጤፍ አምራቾች ጥሩ እንደሚያውቁት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አዝመራ ሲገባ፣ ያለው ዋጋና በክረምቱ አፋፍ ያለው ዋጋ አንድ አይደለም። መዝጋቢው የመረጠው ወር በ15 ተባዝቶ ይመለሳል።

ሕጉ ግምቱን ፈቃድ ያላቸው ተቋማት ወይም ባለሙያዎች እንዲሠሩት፣ እነሱ በሌሉበት በባለሙያዎች ኮሚቴ እንዲሠራ ይፈቅዳል። መሬቱን የሚፈልገው፣ ግምቱን የሚያስተባብረውና ቅሬታውን በመጀመሪያ የሚቀበለው አካል በአንድ አስተዳደር ጣሪያ ሥር ከሆኑ ግን ግምቱ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚያምነው አይገኝም። በዳርቻው ቁጣን የሚቀሰቅሰው ከገንዘቡ ማነስ እኩል ይህ ያለመታመን ነው።

የዩኒቨርሲቲ ቦታ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተቋም ነው፤ ቅየሳ፣ ካርታ ሥራና የሳተላይት ምስል ንባብ የሚሠራ ባለሙያ ሊያቀርብ ይችላል። የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት ያለው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የግብርና ኢኮኖሚክስ የሚያስተምሩ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። እነዚህ ተባብረው በየዓመቱ በዳርቻው ወረዳዎች የሰብል ምርት መጠንና የየወሩን የገበያ ዋጋ መዝግበው ለሁሉም ክፍት ቢያደርጉ፣ ገማቹም አርሶ አደሩም ዳኛውም የሚጠቅሱት አንድ ሰነድ ይኖራል። ሥራው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቀጣይነት ነው፤ የሦስት ዓመት ገቢ የሚለካ ሕግ የሦስት ዓመት ያልተቋረጠ መዝገብ ይፈልጋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ካዳስተር የሚባለው አሠራር ነው፤ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት በትክክለኛ መለኪያ ተቀይሶ ከባለመብቱ ስም ጋር የሚመዘገብበት ሥርዓት ማለት ነው። የካዳስተር መረጃ በአስተዳደር ለውጥ ጊዜ እንዳይጠፋ ቅጂው ከአስተዳደሩ ውጭ ባለ ተቋም መቀመጡ ጥቅም አለው። ይህ ደግሞ አርሶ አደርን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ከአርሶ አደር ገዝቶ ቤት የሠራ፣ መብቱ በሕግ ደካማ የሆነ ነገር ግን 20 ዓመት የኖረ ነዋሪም የኖረበትን ዘመን የሚያስረዳለት የሳተላይት ምስል ያገኛል። እርግጥ ያው ምስል መቼ እንደሠራ አሳይቶ ሊጎዳውም ይችላል። ማስረጃ ለወደዱት ወገን ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ማስረጃነቱ ይቀራል፤ ዩኒቨርሲቲው ይህን ለመሸከም መዘጋጀት አለበት።

የሕግ ክሊኒክና የቋንቋ ጉዳይ

የሕግ ክሊኒክ ሲባል የሕግ ተማሪዎች በመምህራን ክትትል ሥር ሆነው ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ምክርና እርዳታ የሚሰጡበት አሠራር ነው። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ሐሮማያና ጎንደርን ጨምሮ የበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች በተለያየ ጊዜ እንዲህ ያሉ ማዕከላትን ሲያካሂዱ ቆይተዋል።

አስፈላጊነቱን ለማየት የሕጉን ክፍተት መመልከት ይበቃል። በወንጀል የተከሰሰና ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው ፍትሕ ሊጓደልበት ይችላል ተብሎ ሲታመን በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አለው። ካሳው ያነሰበት ገበሬ ግን ተከሳሽ አይደለም፤ የመንግሥት ጠበቃ አያገኝም። ቅሬታውን በ30 ቀናት ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው ካላቀረበ ጉዳዩ ያልፍበታል። 30 ቀን ደብዳቤውን የሚያነብ ሰው ፈልጎ፣ ሽማግሌ አማክሮ፣ ማስረጃ ሰብስቦ ለመጨረስ አጭር ነው፤ ቀኑ ሲቆጠር የአዝመራ ወቅት ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነጥብ አለ። በዳርቻው ያለው አርሶ አደር በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። የአዲስ አበባ ቢሮዎችና ፍርድ ቤቶች በአማርኛ ይሠራሉ፤ የኦሮሚያዎቹ በአፋን ኦሮሞ። ተማሪው ሕጉን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። በሦስት ቋንቋ መካከል የሚንገላታ አቤቱታ ከመጀመሪያው የተዳከመ ነው። ስለዚህ በዳርቻው የሚከፈት ክሊኒክ ሁለቱንም የሥራ ቋንቋዎች የሚጽፉ ተማሪዎች ከሌሉት ቢሮ ከመሆን አያልፍም። በተቃራኒው፣ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ተማሪዎች አንድ ማመልከቻ ላይ አብረው ሲሠሩ ማየት፣ በግቢ ውስጥ ስለ አብሮነት ከሚሰጥ ማንኛውም ኮርስ የበለጠ የሚያስተምር ይመስለኛል።

ክሊኒኩ ሽምግልናንም መናቅ የለበትም። የወሰን ግፊት፣ የውርስ ክርክር፣ በከብት የተበላ ሰብል ዛሬም የሚፈቱት በጃርሱማ፣ ማለትም በኦሮሞ ባህላዊ ሽምግልና፣ እና በሽማግሌ ነው፤ ጉዳዩ በጎረቤታሞች መካከል እስከሆነ ድረስ ፈጣንና የሚያስታርቅ መንገድ ነው። አቅሙ የሚያልቀው አንደኛው ወገን መንግሥት ሲሆን ነው። ሽማግሌ ቢሮን ማስታረቅ አይችልም። በተጨማሪ ሴቶች፣ በተለይ ባል የሞተባቸው ወይም የተፋቱ፣ በሽምግልናው ድምፃቸው የሚያንስበት ጊዜ አለ፤ የካሳ ገንዘብ በባል ስም ብቻ ሲከፈል የሚደርሰው ጉዳትም የሕግ እርዳታ የሚያስፈልገው ነው።

ቂሊንጦ የሚለው ስም ለብዙ ሰው ዩኒቨርሲቲውን ሳይሆን ማረሚያ ቤቱን ያስታውሳል፤ ፍርዳቸውን የሚጠባበቁ ሰዎች የሚቆዩበት ስፍራ ነው። የሕግ ተማሪዎች በመደበኛነት የሚገቡበት፣ የቀጠሮና የዋስትና ጉዳይ የሚከታተሉበት አሠራር ቢዘረጋ ለፍትሕ ትምህርት ከዚህ የቀረበ ቦታ አይገኝም።

የአቃቂ ጎመን

ተመራማሪዎች በአቃቂ ወንዝ ውኃና በውኃው በሚለሙ አትክልቶች ላይ ከሁለት አስርት ዓመታት በላይ ጥናት ሲያካሂዱ ኖረዋል። በጎመን፣ በቆስጣና በሰላጣ ውስጥ እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት የሚውል ንጥረ ነገር ነው፤ ምንጩን መገመት አያስቸግርም።

ጥናቶቹ በብዛት የታተሙት በእንግሊዝኛ፣ በውጭ መጽሔቶች ነው። ለመምህሩ የማዕረግ ዕድገት ይቆጠራሉ። ውኃውን በጀነሬተር ስቦ መደቡን የሚያጠጣው አምራች፣ ማለዳ ጎመኑን በማዳበሪያ አሳስራ ወደ ገበያ የምትወስደው ሴት፣ ገዝታ የምትከትፈው እናት የሚያነቡት ቅጂ የላቸውም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በበካዩ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ሕጉ በር ከፍቷል፤ ማስረጃው ቤተ ሙከራ ውስጥ ተሠርቷል፤ ሁለቱ አልተገናኙም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ የዚህን ወንዝ ጉዳይ ሊፈታ የሚችለው ዕውቀት ከወንዙ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጧል።

የማዕረግ ዕድገት መመዘኛው ቢስተካከል ብዙ ነገር ይቀየራል። ማኅበረሰብ አገልግሎት ከማስተማርና ከምርምር ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ተልዕኮ ተብሎ ቢታወጅም በተግባር የበዓል ቀን ችግኝ ተከላና የደብተር ልገሳ የሚሸፍኑት ጊዜ ብዙ ነው። መምህሩ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የጻፈው ባለ ሁለት ገጽ ማስጠንቀቂያ በዕድገት መዝገቡ ላይ ነጥብ ከሌለው፣ የሚጽፈው በሕሊናው ብቻ ተገፋፍቶ ነው።

ባለሥልጣኑን የሚያሠለጥነው ተቋም

የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ልዩ ዕድል አለው፤ የወረዳና የክፍለ ከተማ ኃላፊዎች ተማሪዎቹ ናቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል በሚሰማበት አገር ግን ሥልጠና ብቻውን ሙስናን አያቆምም፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚሠራው ሕጉን ጠንቅቆ በሚያውቅ ሰው ነው። ተቋሙ የበለጠ ሊያበረክት የሚችለው ሠልጣኞቹ ከየወረዳቸው ይዘው የሚመጡትን ውሳኔዎች፣ ስማቸውን ሰውሮ፣ ለመማሪያ በማዋል ነው፦ ይህ የማስነሻ ደብዳቤ ምክንያት ተጽፎበታል? የይግባኝ መንገዱ ተገልጿል? ተነሺው ስንት ቀን ተሰጠው?

«ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካ ውስጥ አይግባ» የሚለው ሙግት

ይህ ሙግት መናቅ የለበትም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ያነሱት ጥያቄ ትክክል ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነት ቀረ። ያው እንቅስቃሴ ግን ወደ ፓርቲዎች ተከፋፍሎ አንዱ ሌላውን ሲያጠፋ አንድ ትውልድ አለቀ። «ግቢ ውስጥ ፖለቲካ ከገባ ደም ይፈሳል» የሚሉ ወላጆች ይህን ያዩ ወይም የሰሙ ናቸው። የ2012ቱም ትዝታ ገና አልደበዘዘም።

በሌላ በኩል ዩኒቨርሲቲን ከፖለቲካ ነፃ ማድረግ በሚል የተሠራውም ታሪክ አለ። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ ብዙ መምህራን የተማሩት ትምህርት ዝም ማለት ደመወዝን ያስጠብቃል የሚል ነበር። ዝምታው ገለልተኝነት ተብሎ ተቆጠረ።

መለያው መስመር እንዲህ ቢሰመር ይሻላል፦ ዩኒቨርሲቲ እንደ ተቋም ማን ይግዛ በሚለው ላይ ወገን አይያዝ፤ የሚገዛው ማንም ይሁን ማን ቁጥሩ ትክክል ነው ወይ፣ ሕጉ ተከብሯል ወይ፣ ውኃው ይጠጣል ወይ በሚሉት ላይ ግን ዝም አይበል። የአካዳሚክ ነፃነት፣ ማለትም መምህርና ተማሪ የደረሱበትን እውነት ያለ ፍርሃት የመመርመርና የማሳተም መብታቸው፣ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የታወቀው ለዚህ ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ሲረቀቅ በባለሙያዎች ቡድኑ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራን ነበሩበት። ሽግግር ፍትሕ ከግጭት ወይም ከጭቆና የወጣ አገር ያለፈውን በደል በምርመራ፣ በክስ፣ በእውነት ማፈላለግና በካሣ የሚያስተናግድበት መንገድ ነው። እንዲህ ባለው ሥራ የምሁር መኖር ማንንም አላስከፋም፤ የሚያስከፋው ያው ምሁር በአንድ ወረዳ ውስጥ ስለተፈጸመ ጉዳይ ሲጠይቅ ነው። ጥያቄ በቀረበ ቁጥር ይከብዳል።

ራስ ገዝነት ምን ይዞ ይመጣል?

ራስ ገዝነት ዩኒቨርሲቲው ሠራተኛውን፣ ተማሪውንና ገንዘቡን በራሱ እንዲያስተዳድር ያስችላል። ከመንግሥት ቀጥተኛ ትእዛዝ ይርቃል፤ በጎ ጎኑ ይህ ነው። አብሮት የሚመጣው ግን የራስን ገቢ የማመንጨት ግዴታ ነው። ገቢ ከየት ይመጣል? ከተማሪ ክፍያና ከማማከር ሥራ። በአዲስ አበባ ዳርቻ ቅየሳና የንብረት ግምት የሚያሠራ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት የሚገዛ ደንበኛ ማን ነው? ከተማ አስተዳደር፣ የመሬት አልሚ ድርጅትና ፋብሪካ። አርሶ አደር ማኅበር ዩኒቨርሲቲ አይቀጥርም።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው ገለልተኛ ማስረጃ አቅራቢ መሆን በሚፈለግበት ጉዳይ ላይ ከአንዱ ወገን ክፍያ የሚቀበል ሊሆን ይችላል። ይህ የጥቅም ግጭት ይባላል፤ አንድ ሰው ወይም ተቋም በሚፈርድበት ጉዳይ ላይ የራሱ ጥቅም ሲኖርበት ማለት ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርቶች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግዥና ሒሳብ ላይ ለዓመታት ደጋግመው ጉድለት ማሳየታቸው ሲታሰብ ስጋቱ ምናባዊ አይደለም። ያልተወራረደ ሒሳብ ያለበት ተቋም ወረዳን ስለ ግልጽነት ሲያስተምር የሚሰማው የለም።

መውጫው በሕጉ ውስጥ አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ የመንግሥት አካላት የያዙትን መረጃ ለጠያቂ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም በዚህ ሥር ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚፈርመው የማማከር ውል፣ ከፋዩ፣ የክፍያው መጠንና የጥናቱ ውጤት በሕግ የተጠበቀ ምሥጢር ካልሆነ በቀር ይፋ ቢደረግ፣ ከከፋዩ ገንዘብ የተወሰነው እጅ ደግሞ ተነሺዎች የሚመርጡት ሌላ ባለሙያ ግምቱን እንዲመረምር ቢመደብ፣ ሁለት ግምት ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሴኔቱ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ የአካዳሚክ ጉባኤ፣ ይህን በራሱ መመሪያ ሊወስን ይችላል፤ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልገውም። የቦርዱ ስብጥርም እንዲሁ ሊታይ ይገባል። ሚኒስቴርና ኢንዱስትሪ በሚወከሉበት ጠረጴዛ ላይ ከአጥሩ ማዶ ያለው ቀበሌ የመረጠው አንድ ሰው ቢቀመጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ቀጣዩን ማስፋፊያ ሲያቅድ፣ የማን ማሳ እንደሚነካ ጥያቄው የሚነሳው ካርታው ከጸደቀ በኋላ መሆኑ ይቀራል።